ፕላስቲክ ሰርጀን ከመምረጣችሁ በፊት ወረቀቱን ራሳችሁ እንዴት ነው የምታጣሩት?

ቱሚ ተክ (ሆድ ማስተካከል)፣ ላይፖ (ስብ ማስመጠጥ)፣ ቢቢኤል (ስብ ወደ መቀመጫ ማስገባት)፣ አፍንጫ ምናምን ለመሰራት የሚያስቡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት "ጎበዝ ዶክተር ጠቁሙኝ" ብለው ነው፣ መልሱም ሁሌ አንድ አይነት ነው፣ የአንድ ክሊኒክ ኢንስታግራም ይላክላቸዋል፣ "እኔ እዛ ነው የተሰራሁት፣ እይው እንዴት እንደሚያምር" ይባላል፣ ከዛ ዋትሳፕ ላይ ዋጋ ይመጣል፣ ከዛ ዲፖዚት። በመሀል ሀኪሙ ማነው፣ ምን ተምሮ ነው የሚለውን የጠየቀ ሰው የለም። የጠየቀም ካለ የጠየቀው ክሊኒኩን ራሱን ነው፣ እሱ ደግሞ ነጋዴን "እቃህ ጥሩ ነው ወይ?" ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ስለዚ ከታች ያለው በሙሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ ስለ ሀኪሙ የምታምኑት ክሊኒኩ እጁን ሊያስገባበት ከማይችል ቦታ ያገኛችሁትን ብቻ ነው።

በብዛት የምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ ነው፣ በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ እና በርካሽ ዋጋ ማያሚ ለምትሄዱ። ወደ መጨረሻ ላይ ቱርክን፣ ገልፍንና አዲስ አበባን እነካለሁ።

1. መጀመሪያ ስም ያዙ

ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ነው የሚወድቀው። የሚያስፈልጋችሁ የክሊኒኩ ስም አይደለም፣ ቢላውን የሚይዘው ሰውዬ ሙሉ ስም ነው፣ ላይሰንሱ ላይ እንዳለው ፊደሉ ሳይዛነፍ። "ዶክተር ማይክ" አይበቃም። ቢቻል የላይሰንስ ቁጥሩንም ጠይቁ፣ ሚስጥር አይደለም፣ ማንም ሰው ኦንላይን የሚያየው ነገር ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ማያሚ ወዳለ ክሊኒክ ስትደውል ስፒከር ላይ አድርጋው ነበር፣ ወሬው በግምት እንዲህ ነው የሄደው፦

"ማነው ኦፕራሲዮን የሚያደርገኝ?"
"ከዶክተሮቻችን አንዱ ይመደብልሻል።"
"ስሙን ማወቅ እችላለሁ?"
"ቀን ስትይዢ ነው የሚታወቀው፣ ቀን ለመያዝ ደግሞ ዲፖዚት ያስፈልጋል።"
"ቦርድ ሰርቲፋይድ ናቸው?"
"ሁሉም ቦርድ ሰርቲፋይድ ናቸው የኔ ቆንጆ።"
"በየትኛው ቦርድ?"

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዛ ልጅቷ "ቆይ ሱፐርቫይዘሬን ልጠይቅ" ብላ ሆልድ ላይ አደረገቻት፣ ሙዚቃው ሲጫወት ቆይቶ ስልኩ ተቋረጠ።

ስም ሳይነግራችሁ ገንዘብ የሚጠይቅ ቦታ ካጋጠማችሁ ቀጣዩን ደረጃ ማንበብ ራሱ አያስፈልግም፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

2. "ቦርድ ሰርቲፋይድ" ሲሏችሁ የቦርዱን ስም አስነግሯቸው

"ቦርድ" ሲባል ሀኪሞችን በየሙያቸው ፈትኖ ሰርተፍኬት የሚሰጥ ድርጅት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፦ የህክምና ላይሰንስ ያለው ማንኛውም ሀኪም ኮስሜቲክ ሰርጀሪ ልስራ ቢል በጥቅሉ የሚከለክለው ህግ የለም። የማህፀን ሀኪም ሊሆን ይችላል፣ የድንገተኛ ክፍል ሀኪም ሊሆን ይችላል፣ አጭር ኮርስ ወስዶ ላይፖ የጀመረ የቤተሰብ ሀኪም ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች "ቦርድ ሰርቲፋይድ ነኝ" ቢሉ ደግሞ ላይዋሹ ይችላሉ፣ በማህፀን ህክምና ሰርቲፋይድ ናቸዋ! ለዛ ነው "በምን?" የሚለው ጥያቄ የግድ የሚሆነው።

እናንተ መስማት የምትፈልጉት ስም "አሜሪካን ቦርድ ኦፍ ፕላስቲክ ሰርጀሪ" ነው። በ1937 የተቋቋመ ነው፣ "አሜሪካን ቦርድ ኦፍ ሜዲካል ስፔሻልቲስ" በሚባለው ጃንጥላ ስር ካሉት 24 ቦርዶች አንዱ ነው። እዛ ሰርቲፋይድ ለመሆን ሀኪሙ ከሜዲካል ስኩል በኋላ ወይ 6 አመት የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሰሩ የሚሰለጥኑበት የስፔሻሊስት ስልጠና) ይጨርሳል፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያ ጄኔራል ሰርጀሪ ጨርሶ ላዩ ላይ 3 አመት ፕላስቲክ ይጨምራል፣ ከዛ የፅሁፍ ፈተና፣ ከዛ ራሱ የሰራቸውን ታካሚዎች ኬዝ ሰብስቦ ፈታኞች ፊት የሚቀመጥበት የቃል ፈተና አለ። አጭር መንገድ የለውም።

ስሙ በጣም የሚመሳሰል ሌላ አለ፣ "አሜሪካን ቦርድ ኦፍ ኮስሜቲክ ሰርጀሪ"። ይሄኛው ከ24ቱ ውስጥ የለም። ሀኪሙ በሌላ ሙያ ሬዚደንሲ ጨርሶ የአንድ አመት የኮስሜቲክ ፌሎውሺፕ (ተጨማሪ ስልጠና) የወሰደ ሊሆን ይችላል። እዛ ያሉት ሁሉ መጥፎ ናቸው አልልም፣ ግን የ6 አመት ስልጠናና የአንድ አመት ስልጠና በአንድ ቃል ተሸፍኖ ሲቀርብላችሁ ልዩነቱን ማወቅ መብታችሁ ነው።

እንዴት ነው የሚታየው? "ሰርቲፊኬሽን ማተርስ ዶት ኦርግ" ላይ ግቡ፣ ነፃ ነው፣ የሀኪሙን ስምና ስቴቱን አስገቡ። ሲወጣ ስሙ ስር የቦርዱ ስም ይመጣል። "ፕላስቲክ ሰርጀሪ" የሚል ካለ ጥሩ። ስሙ ወጥቶ "ኦብስቴትሪክስ ኤንድ ጋይኔኮሎጂ" ወይም "ፋሚሊ ሜዲስን" ካለ መልሳችሁን አገኛችሁ። ምንም ካልወጣ ወዲያው አትደናገጡ፣ ስፔሊንጉን አስተካክላችሁ ሞክሩ፣ ያገባች ሀኪም ከሆነች በድሮ ስሟ ሞክሩ፣ ሀኪሙ "ኤም.ዲ." ሳይሆን "ዲ.ኦ." (ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው ሌላው የሀኪም ዲግሪ) ከሆነ ደግሞ በኦስቲዮፓቲክ በኩል ያለ የራሱ ቦርድ ሊኖረው ስለሚችል እዛ ፈልጉ።

እዚህ ጋር ፍትሀዊ ለመሆን፣ ፊትና አፍንጫ ላይ ብቻ ከሆነ የምትሰሩት የአንገት በላይ ሀኪሞችም፣ ማለትም በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሰርቲፋይድ ሆነው በፊት ፕላስቲክ ተጨማሪ ስልጠና የወሰዱ፣ በደንብ የሰለጠኑ ናቸው። የአይን ሽፋን ላይም እንደዛው የአይን ሰርጀኖች አሉ። ግን የአንገት በላይ ሀኪም ሆድ ልቁረጥ ካላችሁ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

"ቦርድ ኤሊጂብል" የሚባልም ትሰማላችሁ። ስልጠናውን ጨርሶ ፈተናውን ገና ያልጨረሰ ማለት ነው። ትላንት ከሬዚደንሲ የወጣ ልጅ ከሆነ ኖርማል ነው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ከሆነ ግን ለምን እንዳልተፈተነ ጠይቁት።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ "ቶፕ ዶክተር" የሚል ሽልማትን እለፉት፣ ከነዛ ውስጥ በክፍያ የሚገኝ ብዙ አለ። "አሜሪካን ሶሳይቲ ኦፍ ፕላስቲክ ሰርጀንስ" አባልነት ግን ትርጉም አለው፣ አባል ለመሆን ከላይ ያልኩት የፕላስቲክ ቦርድ፣ ወይም የካናዳው አቻ፣ ይጠየቃልና። እሱንም ከድርጅቱ ሳይት ላይ ነው የምታዩት እንጂ ክሊኒኩ ከለጠፈው ሎጎ ላይ አይደለም።

3. ላይሰንሱን ክፈቱና ስሩን አንብቡ

ቦርድና ላይሰንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቦርዱ ምን እንደተማረ ነው የሚነግራችሁ፣ ላይሰንሱ ደግሞ ስቴቱ እንዲሰራ ፈቅዶለታል ወይ፣ ችግር ፈጥሮ ተቀጥቷል ወይ የሚለውን። ቨርጂኒያ ከሆነ የስቴቱ "ቦርድ ኦፍ ሜዲስን"፣ ሜሪላንድ ከሆነ "ሜሪላንድ ቦርድ ኦፍ ፊዚሺያንስ"፣ ዲሲ ከሆነ "ዲሲ ሄልዝ"፣ ፍሎሪዳ ከሆነ "ፍሎሪዳ ዲፓርትመንት ኦፍ ሄልዝ" ሳይት ላይ በስም ይፈለጋል። በስንት ስቴት እንደሰራ ካላወቃችሁ "ዶክ ኢንፎ ዶት ኦርግ" ላይ ሁሉንም ባንዴ ያሳያችኋል፣ እሱ በጣም ይጠቅማል፣ አንዱ ስቴት ላይ ተቀጥቶ ሌላው ጋር ሄዶ ንፁህ ሆኖ የሚጀምር ሀኪም አለና።

ገፁ ሲከፈት ብዙ ሰው "አክቲቭ" የሚለውን አይቶ ይዘጋዋል። አትዝጉት። ወደታች ውረዱ፣ "ዲሲፕሊን" ወይም "ኦርደር" ወይም "ፐብሊክ ዶክዩመንት" የሚል ካለ ክሊክ አድርጉት፣ ፒዲኤፍ ይወርዳል። ቋንቋው የጠበቃ ነው፣ አሰልቺ ነው፣ ግን በመሀሉ "ፔሸንት ኤ"፣ "ፔሸንት ቢ" እያለ ምን እንደተፈጠረ ቁልጭ አድርጎ ይተርካል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ኮሌጅ የሚማር የዘመድ ልጅ ያንብብላችሁ። ፋይል በጊዜው አላስገባም ተብሎ የተቀጣና ታካሚ እየደማች ወደ ቤት ልኳል ተብሎ የተቀጣ እኩል አይደሉም፣ ሁለቱም ግን ገፁ ላይ "ዲሲፕሊን" ተብለው ነው የሚታዩት።

ቨርጂኒያ ላይ የሀኪሞች ፕሮፋይል የሚባል አለ፣ ለማልፕራክቲስ (ለህክምና ስህተት) ካሳ የተከፈለበት ካለ እዛ ይወጣል። አንድ ክስ አይታችሁ አትሽሹ፣ 20 አመት ሲቆርጥ የኖረ ሰርጀን አንድ ክስ ቢኖረው አይገርምም። የሚያስፈራው አንድ አይነት ነገር ሲደጋገም ነው፣ ሶስቴ ኢንፌክሽን፣ ሶስቴ ነርቭ፣ እንደዛ ሲሆን። ሜሪላንድ ላይ ደግሞ የፍርድ ቤቶች "ኬዝ ሰርች" ነፃ ስለሆነ የሀኪሙንም የክሊኒኩንም ስም አስገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

"ኤንፒአይ ቁጥር አለው" ቢሏችሁ አትደነቁ፣ እሱ በዋናነት ለኢንሹራንስና ለክፍያ የሚያገለግል መለያ ቁጥር ነው፣ ስለ ችሎታው የሚለው ነገር የለም።

4. የሚቆረጥበትን ቤት

ሀኪሙ ንፁህ ሆኖ ክፍሉ ላይሆን ይችላል። በ2012 ሜሪላንድ ውስጥ ላይፖ የሚሰራ አንድ ሜድ ስፓ (የውበት ህክምና ቤት) ውስጥ የተሰሩ ሰዎች በከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ታመው የሞተም ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው ስቴቱ እንደዚህ አይነት ቦታዎች ላይ ህግ ያጠበቀው። ስለዚ ክሊኒኩ ውስጥ የኦፕራሲዮን ክፍል ካለ አክሬዲትድ ነው ወይ፣ ማለትም የውጭ ድርጅት ፈትሾ አረጋግጦታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆጠሩት ስሞች "ኳድ ኤ"፣ "ትሪፕል ኤ ኤች ሲ" እና "ጆይንት ኮሚሽን" ናቸው፣ ሶስቱም ሳይታቸው ላይ መፈለጊያ አላቸው።

ከዛ የምወደው ጥያቄ አለ፦ "ይሄንኑ ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ውስጥ የመስራት ፕሪቪሌጅ አለህ? የቱ ሆስፒታል?" ፕሪቪሌጅ ሆስፒታሉ እዛ እንዲሰራ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፣ ሆስፒታል ዝም ብሎ አያስገባም፣ ሀኪሙን በራሱ ኮሚቴ አጣርቶ ነው። ስሙን ከነገሯችሁ ሆስፒታሉ ጋር ደውሉና "ሜዲካል ስታፍ ኦፊስ" አገናኙኝ በሉ፣ ሀኪሙ ፕሪቪሌጅ እንዳለው ጠይቁ። ስልኩ የ5 ደቂቃ ስራ ነው። በራሱ ክሊኒክ ውስጥ ብቻ የሚሰራ፣ አንድም ሆስፒታል የማያስገባው ሰርጀን ላይ ጥያቄ ሊኖራችሁ ይገባል፣ ደም መፍሰስ ቢመጣ የት ነው የሚወስዳችሁ?

ማደንዘዣውን ማነው የሚሰጠው የሚለውም አብሮ ይጠየቃል። አኔስቴዚዮሎጂስት ወይም የተመዘገበ የአኔስቴዢያ ነርስ መሆን አለበት፣ ስራውም እሱ ብቻ መሆን አለበት። ሰርጀኑ ራሱ መርፌ ወግቶ ራሱ የሚቆርጥበት ትልቅ ኦፕራሲዮን አትግቡ።

5. ማያሚ ለቢቢኤል የምትሄዱ፣ ይሄ ለብቻው ነው

ቢቢኤል ከሌሎቹ ይለያል፣ የሚገድለው ስቡ የመቀመጫ ጡንቻ ውስጥ ሲገባና ትልልቆቹን የደም ስሮች ሲያገኝ ነው፣ ስቡ በደም ሄዶ ልብና ሳንባ ጋር ይደርሳል፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ የሚሞቱት ለዛ ነው። በ2017 የወጣ የሰርጀኖች ጥናት ሞቱን ከ3000 ሰው አንድ አድርሶት ነበር፣ ለውበት ለሚሰራ ነገር እጅግ ብዙ ነው። ፍሎሪዳ በ2019 ጡንቻ ውስጥ ስብ መውጋትን ከለከለች፣ በ2022 ደግሞ አንድ ሀኪም በቀን ከ3 በላይ እንዳይሰራ የሚል አስቸኳይ ደንብ እስከማውጣት ደርሳለች። የ2023ቱ ህግ ስቡ ሲወጋ በአልትራሳውንድ እየታየ እንዲሆን ያዛል፣ ሀኪሙም ቢዘገይ ከኦፕራሲዮኑ አንድ ቀን በፊት በአካል፣ እዛው ክፍል ውስጥ ሆኖ እንዲያያችሁ ያስገድዳል። ስለዚ "ጠዋት ኤርፖርት ትደርሻለሽ፣ ከሰአት ትሰሪያለሽ" ያላችሁ ክሊኒክ ህጉን እየጣሰ ነው ማለት ነው፣ ሌላ ማጣሪያ አያስፈልገውም።

ሌላ ፍሎሪዳ ላይ ያለ ጉድ፣ ሀኪሞች የማልፕራክቲስ ኢንሹራንስ ሳይገዙ እንዲሰሩ የተወሰኑ መስፈርቶችን ካሟሉ ህጉ ይፈቅዳል፣ ግን ለታካሚው ማሳወቅ አለባቸው፣ ብዙ ጊዜ ሪሴፕሽን አካባቢ በፍሬም የተሰቀለች ወረቀት ናት፣ ማንም አያያትም። "ሀኪምዎ የማልፕራክቲስ ኢንሹራንስ ላለመያዝ ወስኗል" ነው መልእክቷ። ፎርም ስትሞሉ ቀና በሉና ግድግዳውን እዩ። ከቨርጂኒያ የምትሄዱ ከሆነ እንደውም ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ።

6. ፎቶና ሪቪው

የቢፎር አፍተር ፎቶዎቹን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ጉግል ሌንስ ላይ ጣሉት፣ ያው ፎቶ ብራዚል ወይም ኮሪያ ያለ ሌላ ሀኪም ገፅ ላይ ከወጣ ታሪኩ አለቀ። የናንተ አይነት ቆዳ ያላቸው ሰዎች ፎቶም ጠይቁ። ጥቁር ቆዳ ላይ ጠባሳ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) የሚያወጣ ደግሞ ብዙ አለ፣ ጆሮዋን ተበስታ ኬሎይድ ያወጣች ልጅ ቱሚ ተክ ልትሰራ ስትል ሀኪሙ ይሄን ሳይጠይቃት ካለፈ እኔ ይከብደኛል። ፎቶው ከ3 ሳምንት በኋላ የተነሳ ሳይሆን ከአመት በኋላ የተነሳ ይሁን፣ ጠባሳው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቲክቶክ ላይ "ዶክተሬን እወደዋለሁ" የምትለዋ ልጅ ቅናሽ ተደርጎላት ሊሆን ይችላል። ስለ አንድ ኮከብ ሪቪዎቹ ግን እንዲህ አድርጉ፣ ስድቡን እለፉትና ከኦፕራሲዮን በኋላ ስልክ አያነሱም የሚል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ቁጠሩ።

7. ከአሜሪካ ውጪ ከሆነ

ቱርክ። ኢስታንቡል ጎበዝ ሰርጀኖች አሉ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ችግሩ መሀል ላይ ያለው ኤጀንት ነው፣ ሆቴል፣ ትራንስፈርና ሰርጀሪ በፓኬጅ ሸጦላችሁ የሀኪሙን ስም የምትሰሙት አልጋ ላይ ሆናችሁ ነው። የሀኪሙን የስፔሻሊስት ወረቀት ፎቶ አስልኩ፣ ላዩ ላይ "ፕላስቲክ፣ ሬኮንስትሩክቲፍ ቬ ኤስቴቲክ ጄራሂ" የሚል የሙያ ስም መኖር አለበት፣ "ሜዲካል ኤስቴቲክ" የሚለው ግን ጠቅላላ ሀኪሞች ለቦቶክስና ለመሳሰለው የሚወስዱት ሰርተፍኬት ነው፣ ሰርጀን አያደርግም። ክሊኒኩም ኤጀንቱም የውጭ ታካሚ ለመቀበል ከጤና ሚኒስቴሩ የሄልዝ ቱሪዝም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፣ የፈቃዱን ቁጥር ጠይቁ። ፀጉር ለማስተከል የምትሄዱ ወንድሞች፣ እናንተ ደግሞ ቀዳዳውን የሚከፍተው ሀኪሙ ነው ወይስ ቴክኒሻን የሚለውን በፅሁፍ አስመልሱ።

ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የምትሄዱም አላችሁ። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ እዛ ለውበት ኦፕራሲዮን ሄደው የሞቱ 93 አሜሪካውያንን ቆጥሯል፣ ስብና የረጋ ደም ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሞቱት ብዙ ናቸው። ሀኪሙ "በስንተኛው ቀን ነው የምበረው?" ስትሉት ቲኬታችሁ ላይ ያለውን ቀን ሰምቶ ከተስማማ፣ መልስ አልሰጣችሁም።

ዱባይ ያላችሁ የዱባይ ሄልዝ ኦቶሪቲ የሀኪሞች መዝገብ ኦንላይን አለ፣ ስሙ ስር ያለውን ማዕረግ እዩ፣ "ኮንሰልታንት" ወይም "ስፔሻሊስት" ሆኖ አጠገቡ "ፕላስቲክ ሰርጀሪ" መኖር አለበት። ሳዑዲ የጤና ስፔሻሊቲዎች ኮሚሽኑ ነው የሚመዘግበው። እስራኤል ደግሞ የጤና ሚኒስቴሩ ሳይት ላይ የስፔሻሊስትነቱ ሙያ አብሮ ይወጣል። አፓርታማ ውስጥ ፊለር የምትወጋ "ልጅቷ ጎበዝ ናት" የምትባል ካለች፣ መዝገብ መፈለግም አያስፈልግም፣ አትሂዱ።

አዲስ አበባ ላይ ፕላስቲክ ሰርጀኖቹ ብዙ አይደሉም፣ ይሄ ለማጣራት ይረዳል። ስፔሻሊቲያቸው "ፕላስቲክና ሪኮንስትራክቲቭ ሰርጀሪ" ነው፣ የሙያ ፈቃዱ ላይ ይፃፋል። የት እንደሰለጠኑና የትኛው የመንግስት ሆስፒታል ውስጥ እንደሰሩ ጠይቁ፣ የካቲት 12ን ጨምሮ ቃጠሎና የከንፈር መሰንጠቅ የሚሰሩ ቦታዎች ላይ ያለፈ ሰው ባልደረቦቹ ያውቁታል፣ ጠይቃችሁ ትደርሱበታላችሁ። የቤቱ የብቃት ማረጋገጫ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ አመቱ መታደሱን፣ የተፈቀደለትም ምን እንደሆነ አንብቡ፣ የቆዳ ክሊኒክ ፈቃድ ይዞ ሆድ የሚቆርጥ ካለ ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርበታል።

8. የኮንሰልቴሽኑ ቀንና የፊርማው ቀን

ሀኪሙን ራሱን ሳታገኙ ኮንሰልቴሽን አለቀ አትበሉ፣ የኮኦርዲኔተሯ ስራ ዋጋ መንገር ነው። ሀኪሙን ይሄንን ኦፕራሲዮን በአመት ስንት ጊዜ እንደሚሰራ፣ መጨረሻ ያጋጠመው ኮምፕሊኬሽን (ከኦፕራሲዮን የመጣ ችግር) ምን እንደነበር፣ ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ ትኩሳት ቢይዛችሁ ማን ስልክ እንደሚያነሳ ጠይቁት። "እኔ ኮምፕሊኬሽን አጋጥሞኝ አያውቅም" ካለ ወይ ብዙ አልሰራም ወይ እየዋሸ ነው። ያጣራችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ከነቀኑ አስቀምጡ።

የኦፕራሲዮኑ ጠዋት ኮንሰንት ፎርም (የስምምነት ወረቀት) ሲሰጣችሁ፣ ከማደንዘዣ በፊት፣ ገና ምንም ሳትወስዱ፣ የሰርጀኑ ስም የተፃፈበትን መስመር ፈልጉ። ያጣራችሁት ስም ነው? "ዶክተር እገሌ ወይም የሚመድበው ሰው" የሚል ካለ እሱን ቃል ሰርዛችሁ ካልሆነ አትፈርሙ። ስሙ ጭራሽ ሌላ ከሆነ፣ "ዛሬ ዶክተሩ አልተመቸውም፣ ይሄኛውም እኩል ጎበዝ ነው" ካሏችሁ፣ ልብሳችሁን ልበሱና ውጡ፣ የዲፖዚቱን ነገር በኋላ ባንኩም በኩል ቢሆን ትከራከሩበታላችሁ።